ዲስኩን የለቀለቅንበት ዓርብ

ከሠራዊት እንደተሰናበትኩ የገዛሁት ትልቅ ጥቁር ኮምፒውተር በወላጆቼ ሳሎን ጥግ ላይ ሁለት ዓይነት ኑሮ ኖሯል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቤቱ ኩራት ነበር። እናቴ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሳው፣ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ ታሳይ ነበር። በኋላ እኔ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ እህቴም ሁሉን ነገር በስልኳ መጨረስ ጀመረች፣ ኮምፒውተሩም የአባቴ ኮት መስቀያ ሆነ። እህቴ በሳምንቱ መጨረሻ ከሠራዊት ስትመጣ ያንን ግዙፍ ቦርሳዋን የምታሳርፍበት ቦታ እያጣች፣ «ይህን ሬሳ መቼ ነው የምትቀብሩት?» ትል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ። የቀን ፈረቃ በደረሰኝ ሳምንት ኮምፒውተሩን ወለወልኩና ፎቶ አንስቼ፣ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ላይ አወጣሁት። ብዙም ሳልቆይ አንዲት ሴት ደወለች። ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ የከተማው ሰፈር ከሚሠሩት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ገና መግባቷ ነው። ለልጆቿ የቤት ሥራ እንደምትፈልገው፣ ግን ሕፃን ስላላት መጥታ መውሰድ እንደሚከብዳት ነገረችኝ። እሑድ ከሥራ በኋላ ራሴ አደርስልሻለሁ ብዬ ተስማማን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። የምንፈልጋቸውን ፎቶዎች ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩ፣ የቀረውን አጠፋሁ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልቀረም። በራሴ ረክቼ ሻይ ላፈላ ስነሳ እናቴ በሩን ከፍታ ገባች።

እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ሞዓዶን ወደሚሉት የአረጋውያን መዋያ ትሄዳለች። ከዚያ የምትመለሰው ሁልጊዜ ወሬ ይዛ ነው። የዚያን ቀን ግን ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

«ጉድ ሰማሁ» አለችኝ። «አንዷ ጓደኛችን አሮጌ ስልኳን ሸጠች። የገዛው ሰው ምን ብሎ ቢደውልላት ጥሩ ነው? ‹የልጅ ልጅሽ ግዝረት በጣም ያምራል፣ እንኳን ደስ ያለሽ!› ብሎ። ፎቶው ሁሉ እዚያው ስልኩ ውስጥ ነበር። የማያውቃት ሰው ጓዳዋን ሳይቀር አየላት።»

«ሳታጠፋው ሸጣው ነው፣ እማዬ።»

«አጥፍቻለሁ ነው የምትለው። እኛስ ይህን ማሕሼብ ለሰው ልንሰጥ አይደለም?» እናቴ ኮምፒውተርን የምትጠራው በዕብራይስጥ ስሙ ነው።

«እኔ አጥፍቻለሁ። ባዶ ነው።»

«አሳየኝ።»

እንዴት ብዬ ነው ባዶ ነገር የማሳየው? ቢቸግረኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጠፉ ፋይሎችን ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ ሰዎች በስሕተት ያጠፉትን ለመመለስ ይጠቀሙበታል። እሱን አውርጄ ላሠራውና ምንም እንዳላገኘ ብታይ ልቧ ያርፋል ብዬ አሰብኩ። ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

ፕሮግራሙ ሥራውን ጀመረ። ስክሪኑ ላይ አንድ ስም ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያማ እንደ ጉንዳን ተግተለተለ። አንዱን ከፈትኩት፤ እኔ ነኝ፣ የሠራዊት ልብስ ለብሼ፣ ራሴን ተላጭቼ። ሌላውን ከፈትኩት፤ አባቴ ሶፋው ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። እህቴ በትምህርት ቤት ጉዞ ላይ፣ የጎረቤት ልጅ ልደት፣ የእናቴ የመታወቂያ ወረቀት ኮፒ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ ሁሉም ቁጭ ቁጭ አለ።

እናቴ እየሳቀች ትከሻዬን ገፋችኝ። «ይሄ ነው ባዶው? ሙሉ ሰፈር አይደል እንዴ!»

እኔ ግን ላብ ላብ አለኝ። ለዚያች ለማላውቃት ሴት ቤተሰቤን በሙሉ ከነመታወቂያው አሽጌ ልሰጣት ነበር።

በዚህ መሀል እህቴ ከሠራዊት መጣች። ቦርሳዋን እንደ ልማዷ በር ላይ ጣለች፣ ከወጥ ቤት ዳቦ ቆርሳ እያኘከች ከኋላችን ቆመች። አንድ ቪዲዮ ላይ ደረስኩ። ስሙ ተቀድዶ ቁጥር ብቻ ቀርቶታል። ትንሹን ምስል ባየች ጊዜ እህቴ ዳቦው እስኪያንቃት ጮኸች።

«ያንን አትክፈተው!»

እናቴ እህቴን አየቻት፣ እህቴ እናቴን አየቻት። እንዲህ ከተባለ በኋላ የማይከፍት ወንድም አላውቅም። ከፈትኩት።

ቪዲዮው የተቀረጸው ስክሪኑ ላይ በምትለጠፈው ትንሽ ካሜራ ነው። ሳሎናችን ባዶ ነው፣ ወለሉ ውኃ ፈስሶበት ያብለጨልጫል፣ ራዲዮ ከሩቅ ይዘፍናል። እናቴ የወለል መጥረጊያውን እንደያዘች ገባች። ወደ ካሜራው ቀረብ ብላ አየችው። ፈገግ አለች። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ወገቧ ላይ አሰረችው። ከዚያ ትከሻዋ ተነሣ።

የእናቴን እስክስታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። በየሰርጉ ስንጎትታት «ጉልበቴን! ተዉኝ፣ ጉልበቴን!» እያለች ወንበሯ ላይ ስታጨበጭብ ነው ያደግነው። በእኛ ቤት የእናቴ ጉልበት እንደ አንድ የቤተሰብ አባል የታወቀ ነበር። ከእሱ የተነሣ በአሳንሰር የማይወጣበት አዳራሽ እንኳ አንሄድም ነበር። ያቺ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ወገቧ ቀጥ፣ አንገቷ እባብ፣ ደግሞ ዝቅ እያለች፣ እርጥብ ወለል ላይ ሳትንሸራተት እስከ መሬት ወርዳ ትነሣ ነበር። በጉልበቷ!

አባቴ የራዲዮውን ድምፅ ሰምተው ከመኝታ ቤት ወጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩ።

«ይቺ ሴት ማን ናት?» አሉ።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቁልኝ» አሉ አባቴ። «ሽማግሌ እልካለሁ።»

ሳቁ ፈነዳ። እናቴ ከነጠላው ሥር ሆና እህቴን፣ «ደምስሺው ብዬሽ አልነበረም?» አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች አንድ ቀን ካሜራውን ሳታጠፋ ወጥታ ነበር። ተመልሳ ያገኘችውን ለእናቴ አሳየቻት፤ እናቴም ለማንም እንዳትናገር አስምላ አስጠፋቻት። እህቴም ቃሏን ጠብቃ እስከዚያን ቀን ትንፍሽ አላለችም።

«አጥፍቼው ነበር እኮ!» አለች እህቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «እማ፣ በሕይወቴ! ቅርጫቱንም ባዶ አድርጌ ነበር!» እህቴ ስትማል ዕብራይስጥና አማርኛዋ ይደበላለቅባታል።

«ታዲያ እንዴት መጣ?» እናቴ አሁን የምታየው እኔን ነው። «ሁለታችሁም አጠፋሁ ትላላችሁ፣ ማሕሼቡ ደግሞ ሁሉን ይዟል። ማን ነው የሚዋሸው?»

«ማንም አይዋሽም» አልኳት። «እታች መግቢያው ላይ ያሉትን የፖስታ ሣጥኖች አስቢ። ስማችን ያለበትን ወረቀት ብንልጠው ከቤት ወጣን ማለት ነው?»

«ፖስተኛው አያገኘንም እንጂ እኛማ አለን።»

«አዎ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በር ያንኳኳ ሰው ግን ሁላችንንም ያገኘናል። ኮምፒውተሩም እንደዚያ ነው። አጥፋ ስትይው ስሙን ብቻ ነው የሚልጠው። ነገሩ እዚያው ይተኛል፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ።»

«እና አሁን ምን ይሻላል?»

«ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በሌላ ነገር መሙላት ነው። በባዶ ቁጥር፣ በዜሮ። አንድም ቦታ ሳይቀር በላዩ ላይ ሲጻፍበት፣ ከሥር ያለው አይመለስም።»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ አነሣች። «ልቅለቃ ነዋ!» አለች። «እንዲህ አትለኝም? በአገር ቤት ክረምት ሲወጣ ግድግዳውን እንለቀልቀው ነበር። ጢሱ፣ የልጁ እጅ፣ የበግ ግልገሉ የታከከበት፣ ሁሉም ከጭቃው ሥር ይቀራል። ከደረቀ በኋላ የማን እጅ እንደነበረ ማን ያውቃል?» ደስ አላት። «በል ለቅልቀው። ከእኔ ጀምር።»

«አይሆንም!» አለች እህቴ።

«የእኔ ፊት ነው፣ የእኔ ትከሻ ነው።»

አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እህቴ ግን አለቀቀችም። «ጉልበቴን ያመኛል ለምን አልሽን እማ? ጉልበትሽ ከእኔ ይሻላል። እኔ በሥልጠና እንደዚያ መውረድ አልችልም!»

እናቴ ስትናገር ድምጿ ዝግ አለ፣ ግን አላዘነችም፤ አንድ የቆየ ነገር ከሣጥን እንደምታወጣ ሰው ነበረች።

«እኔ ብቻዬን ጨፍሬ አላውቅም» አለች። «እናቴና እኔ ፊት ለፊት ነበር የምንገጥመው። ሰርግ ሲኖር ከየመንደሩ እኛን ሊያይ የሚመጣ ነበር። እሷ ትከሻዋን ትጥላለች፣ እኔ እቀበላታለሁ። አዲስ አበባ ወርደን ወደዚህ የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ ሞተችብኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊቴ ቆሞ ትከሻውን ሲጥል፣ የእኔ እሺ አይልም። ጉልበቴን ነው ስል ሰው ይተወኛል።»

«ታዲያ ያን ቀን?» አልኳት።

«ያን ቀንማ ወለል ላጥብ ገብቼ ማሕሼቡ ውስጥ እናቴን አየኋት።» ሳቀች። «እኔው ነኝ እኮ፣ ካሜራው እንደ መስተዋት እኔኑ እያሳየኝ። ግን በዚያ ዕድሜዬ ፊቴ የእሷን ሆኗል። ቁርጥ እሷ! ትከሻዬን ብጥል ተቀበለችኝ።»

አባቴ በእጃቸው የሶፋውን ክንድ መታ መታ አደረጉት፣ «እውነቷን ነው፣ እናቷን ትመስላለች» አሉ።

ዓርብ ጠዋት እናቴ ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ የሰንበቱን ምግብ ስታሰናዳ ቆይታ፣ እጇን እየጠረገች መጣች። «አንድ ጊዜ አሳየኝ እስቲ» አለችኝ። ቪዲዮውን ከፈትኩላት። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ አየችው። «ትከሻዋን እየው» አለች ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ። «አዬ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ፈጠነች።» ደግማ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እሷን አውጣትና ሌላውን ለቅልቀው» አለችኝ።

ቪዲዮውን በላፕቶፔም በትንሽ ፍላሽም ገለበጥኩት። ፍላሹን ከእጄ ተቀብላ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጨመረችው።

ከዚያ ልቅለቃውን ጀመርን። ኮምፒውተሩን ከሌላ ፍላሽ አስነሥቼ፣ መላውን ዲስክ በዜሮ የሚሞላውን ፕሮግራም ለቀቅሁት። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እየረዘመ ይሄዳል፤ ምን ያህል እንደቀረ በመቶኛ ይነግራል። ዲስኩ ያረጀ ስለሆነ ሥራው እንደ ኤሊ ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቁ አያስፈልግም ነበር፣ እናቴ ግን ከወጥ ቤት እየተመላለሰች ትጠይቃለች።

«ምን ያህል ለቀለቀ?»

«ሩቡን።»

«ሰንበት ሳይገባ ያልቃል?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር፤ ሰንበታችን የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እናቴ በሰንበት ቤቷ ውስጥ የሚሠራ ነገር አትወድም። አባቴ ሊያግባቧት ሞከሩ። «የምግብ ማሞቂያው በሰንበት ይሠራ የለም? ዓርብ ለኩሰነው እኛ እንተኛለን።»

«ማሞቂያው ወጥ ነው የሚያሞቀው። ይሄ ግንበኛ ነው። በሰንበት ግድግዳ አይለቀለቅም።»

ከዚህ በኋላ ቤቱ ሁሉ በመቶኛ መኖር ጀመረ። እህቴ ልብስ ስታጥብ ትጮሃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ሰላም ከማለታቸው በፊት፣ «የት ደረሰ?» አሉ። ከሰዓት በኋላ ሥራው ሁሉ አልቆ፣ ሁላችንም ታጥበን፣ ሳሎን ውስጥ ያቺን መስመር ብቻ እያየን ተቀመጥን። እህቴ መቀመጥ አልሆነላትም። ራዲዮውን ከፈተች። የእኛ ሙዚቃ እስክታገኝ አዟዟረችውና እናቴ ፊት ቆመች።

«ተቀበይኝ» አለቻት።

«ጉልበ—» ብላ ጀመረችና እናቴ ራሷ ሳቀች።

እህቴ ትከሻዋን ጣለች። እህቴ እዚህ የተወለደች ናት፤ እስክስታዋ ጉባኤ ላይ እጅ እንደሚያወጣ ሰው ወደ ላይ ወደ ላይ የሚል ነበር። እናቴ አየቻት፣ ራሷን ነቀነቀች፣ «ኧረ እንዲህ አይደለም፣ ከደረትሽ አምጪው» እያለች ተነሣች። መጀመሪያ ልታሳያት ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ትከሻዋን ጣል አደረገች፣ ቆመች፣ ጠበቀች። እህቴ መለሰችላት። እናቴ እንደገና። ከዚያ ማስተማሩ ቀርቶ ጭፈራ ሆነ። አባቴ እያጨበጨቡ «እሰይ! እሰይ!» አሉ፤ የታችኛው ጎረቤታችን ጣሪያውን ይመታ እንደሆነ ብዬ ብሰጋም እኔም አጨበጨብኩ። እናቴ ፊቷን ከእህቴ ፊት ላይ አላነሣችም። ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሰርግ አዳራሽ እናቴን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው የሚያስቸግረን። በአንድ ዘመዳችን ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ሳይቀር አድክማ አስቀምጣታለች።

መስመሩ ዳር የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ነው። ፈላጊውን ፕሮግራም ከፍላሹ እንደገና ለቀቅሁበት። ምንም አላገኘም። «ደግመህ ፈልግ» አለች እናቴ፣ የሻማ ክብሪቱን በእጇ ይዛ። ደግሜ ፈለግሁ። አንድ ስም፣ አንድ ፊት፣ አንድ ደብዳቤ የለም። ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀልኩትና እናቴ ሻማዋን አበራች።

ሰንበት ከወጣ በኋላ አዲስ ሲስተም ጫንኩበት፤ ምንም የሌለበት ኮምፒውተር ለልጆች አይጠቅምማ። እሑድ ከሥራ ስመለስ እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ መኪናው አጠገብ ቆማለች።

«እኔም እመጣለሁ» አለች። «ለማን እንደሰጠነው ልይ።»

ካርሜ ጋት ያን ጊዜ ክሬኖቹ ገና አልተነሡም ነበር። መንገዱ ግማሹ አስፋልት ግማሹ አቧራ ነው። ሴትዮዋ ሕፃኗን ታቅፋ በሩን ከፈተችልን፤ ከኋላዋ ያልተፈቱ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ኮምፒውተሩን አስገብቼ ስሰካካ፣ በዕብራይስጥ ፈራ ተባ እያለች፣ «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ባለቤቴ ጠይቂ ብሎኝ ነው፣ የራሳችሁን ነገር አጥፍታችኋል?» አለችኝ።

መልስ ሳልሰጥ እናቴ ቀደመችኝ። በዚያ ሁልጊዜ በሚያስቀኝ ዕብራይስጧ፣ «ሁሉም ንጹሕ ነው! ቀኑን ሙሉ አጥበነዋል! የእኔ ቤት እንኳ እንዲህ ንጹሕ አይደለም!» አለቻት። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ሕፃኑም እናቱ ስትስቅ አይቶ ሳቀ። እናቴ እጆቿን ዘረጋች፣ ልጁ ሄደላት።

እኔ ስጨርስ ሁለቱ ሴቶች በረንዳ ላይ ነበሩ። እናቴ ልጁን እንዳቀፈች ከተማውን ታያለች። ያንን ያህል ከፍታ ላይ ሆና ቂርያት ጋትን አይታ አታውቅም። ባቡሩ ወደ ጣቢያው ሲገባ፣ የፋብሪካዎቹ ጣሪያ፣ የእኛ ሰፈር ሕንፃዎች ጎን ለጎን፣ ከበስተጀርባቸው እርሻው።

«ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት እዚህ ውስጥ ነው?» አለችኝ በአማርኛ። «እንዴት ያምራል እባክህ!»

ሴትዮዋ ከአገሪቱ መሀል አካባቢ እንደመጡ፣ በከተማው ገና ማንንም እንደማታውቅ፣ አትክልት እንኳ የት እንደሚገዛ ግራ እንደገባት ነገረቻት። እናቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ወዲያው ጣቷን እየቀሰረች የገበያውን አቅጣጫ፣ ቲማቲም ከማን እንደሚገዛ፣ ከማን ደግሞ ፈጽሞ እንደማይገዛ፣ የትኛው የልጆች ሐኪም ቁጡ እንደሆነ ትነግራት ጀመር። በዕብራይስጥ የጠፋባትን ቃል በእጇ ታሟላዋለች።

በአሳንሰር ስንወርድ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ማክሰኞ ከሥራ ቀደም ብለህ ትወጣለህ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ገበያ ልወስዳት ተቀጣጥረናል። ሕፃኑን ይዛ በአውቶቡስ አትንገላታ፣ አንተ ታደርሰናለህ።»